ቴፕ ያለው ሰው ይፈለጋል

እኔ አዲስ ዕቃ ስወድ ለጉድ ነው! ካርቶን የምከፍተው መቀስ ሳልፈልግ በጥፍሬ ነው። ያ ነጭ ፎም ሲንጫጫ፣ ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ፣ የበኩር ልጄን ከሐኪም ቤት የተረከብኩ ይመስለኛል። መመሪያውን አላነብም። ዕቃ የሚወድ ሰው መመሪያ እስኪያነብ የሚጠብቅ ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነበት ጊዜ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ዘመን ነበር። በየወሩ አንድ ዕቃ ይመጣና የቀድሞውን «አያስፈልግም» ያሰኘዋል። ዲቪዲ መጣ፣ ቪዲዮ ማጫወቻው አያስፈልግም ተባለ። ሞባይል መጣ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የቆመው የሕዝብ ስልክ መነጋገሪያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የሚያነሣው ሰው ጠፋ። የፎቶ ፊልም፣ የጠረጴዛ ሰዓት፣ ያ ወፍራም የስልክ ማውጫ፣ ሁሉም ተራ በተራ አያስፈልግም ተባሉ። ቃሉን ከሁሉ በላይ የምወደው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ዘውዴ «አንድ ቀን እኔንም አያስፈልግም ትለኛለህ» ትለኝ ነበር። «ያንቺን አዲሱን ሞዴል ገና አላወጡትም» አልኳት አንድ ምሽት። የዚያን ዕለት እራቴን ራሴ አሞቅሁ።

እንግዲህ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈራችን የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ፒካፕ በድምፅ ማጉያ «አልቴ ዛኽን! አልቴ ዛኽን!» እያለ በየሕንፃው ሥር ያልፋል። ትርጉሙ አሮጌ ዕቃ ማለት ነው አሉ። በምን ቋንቋ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ነጂውም ሲጠየቅ ትከሻውን ነው የሚያነሣው። ሌላው ሰው ድምፁን ሲሰማ መስኮቱን ይዘጋል። እኔ ግን የበዓል ጥሩንባ የሰማሁ ያህል ደስ ብሎኝ ወደ ቁም ሳጥኑ እሮጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ እንደልማዴ ሮጥኩ። በዚያን ቀን የወጣው የእናቴ ቴፕ ነበር። ጥቁር፣ ባለ ሁለት በር፣ እጀታው ተሰብሮ በጨርቅ የታሰረ ቴፕ። ከኢትዮጵያ እንደመጣን ከገዛናቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ያለ ቴፕ መኖር አይቻልም ነበር። ጎንደር ከቀረው ዘመድ ጋር የምንነጋገረው በካሴት ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ሁሉ በካሴት ላይ ያለውን ይናገራል፣ መንገደኛ ተፈልጎ ይላካል፣ እኛም ሰብሰብ ብለን እንሰማለን፣ ከዚያ በሌላ ካሴት መልሱን እንሰዳለን። ግን ካሴት የሚባል ነገር ከመጣልን ብዙ ጊዜ አልፎ ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር «አያስፈልግም» ብዬ ፒካፑ ላይ ሰቀልኩት። እማዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት፤ የደም ግፊቷን ልትለካ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሰፋውን ቦታ እያየሁ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም።

ረቡዕ ካሴት መጣ።

አዎ፣ በማግስቱ! ከጎንደር የተመለሰ የሰፈራችን ሰው ነው ያመጣው፣ በጨርቅ ዙሪያውን ተሰፍቶ። ላኪው አጎቴ አዱኛ ነው፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ጨቅላ ሳለ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። እኛ ስንመጣ እሱ ቀረ። ጎንደር ሆኖ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ስንት ዓመቱ። ድምፁን ከሰማች ቆይታለች። እማዬ ካሴቱን ሳመችው፣ አሸተተችው፣ በግንባሯ አስነካችው።

«አሁን እንስማው?» ያለችኝ እንደሆን ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን «አርብ ጠዋት ነው የምሰማው» አለች። «ሰውነቴን ታጥቤ፣ ነጩን ቀሚሴን ለብሼ። ወንድሜ ሊያናግረኝ መጥቶ በዚህ በሽንኩርት በሸተተ ልብስ አልቀበለውም። ቴፑ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው!» አልኳት። የትም ይሁን የት፣ ደህና መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ሐሙስ ከፋብሪካ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። አልቴ ዛኽን የሰበሰበው ሁሉ ሐሙስ ገበያ ላይ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር መጀመሪያ ወደዚያ ሄድኩ። ወገኖቼ፣ እዚያ ያየሁትን ብታዩ! «አያስፈልግም» ያልኩት ነገር ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ቪዲዮ ማጫወቻዬ አለ። የጠረጴዛ ሰዓቴ አለ፣ እንዲያውም በትክክል ይሠራል። ቴፔ ግን የለም። አንዱ ሻጭ የሚያምር ቴፕ አወጣልኝና በሩን ስከፍተው ውስጡ ባዶ ሆነ፤ ሞተር የለ፣ ሽቦ የለ። «ምንም የለውም እኮ!» ስለው «ከላዩ ግን ቆንጆ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ወጣት ሻጭ ካሴቱን ተቀብሎ አገላበጠው። «ማ ዜ? ይሄ ምንድን ነው? የት በኩል ነው የሚሰካው?» አለኝ። እንደማይሰካ ነገርኩት። ጓደኞቹን ጠራቸው። መጡ፣ አዩ፣ ተቀባበሉት፣ አንደኛው በሞባይሉ ፎቶ አነሣው። ቀጥሎ እኔን ሊያነሣኝ ሲል ነጥቄ ወጣሁ።

ቤት ስገባ የመጨረሻ ተስፋዬ ልጄ ሺራ ነበረች። ኮምፒዩተር ላይ የማትችለው ነገር የለም። በሹክሹክታ ችግሬን ነገርኳት። ካሴቱን ወደ መብራት አንሥታ ተመለከተችው።

«አባ፣ ኤፎ ሃማሳክ?» አለች። ስክሪኑን ነው የምትፈልገው።

በቃ፣ ዘመድ ላይ መውደቅ ነው ያለው። ቂርያት ጋት ከተማ የሚኖረው አያ መለሰ የእማዬ የአጎት ልጅ ነው፤ ዕቃ የማይጥል ሰው። ደወልኩለት። እማዬ በዚያኛው ክፍል ቀሚሷን እየተኮሰች ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው።

«አያ መለሰ፣ እንደምን አመሹ? አንድ ነገር ገጥሞን ነው። ከጎንደር የመጣ ነገር አለ።»

እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማን?»

«የአጎቴ የአዱኛ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! መቼ?»

«ትናንት ነው የደረሰን። ብቻ እማዬ እንዳትሰማ፣ አደራ። ደም ግፊቷን ያውቃሉ። ነገ ጠዋት ማልደው ቢመጡልኝና…»

«በቃ፣ በቃ ልጄ፣ አትጨርሰው። ገብቶኛል።» ድምፁ ተሰባበረ። «አንተ ብቻ በርታ። ለሌሎቹ እኔ እደውላለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ በደስታ ዘለልኩ! እንዲህ ነው ዘመድ ማለት! ቴፕ የሚለውን ቃል እንኳ ሳላወጣ የሚገባው!

ደስታዬን ይዤ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ደረጃው ላይ ምድር ቤት የሚኖሩትን አባባ ታረቀኝን አገኘሁ። ለማንኛውም ብዬ ቴፕ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። «አለኝ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ይዤው እወጣለሁ። አሁን ስጠኝ እንዳትል፤ የእኔ ቴፕ ያለእኔ ከቤት አይወጣም።» አንድ ቴፕ ከቤርሼቫ፣ አንድ ቴፕ ከቂርያት ጋት! ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

አርብ ማለዳ የቀሰቀሰኝ የፕላስቲክ ወንበር ኳኳታ ነው። በመስኮት ሳይ ከሕንፃችን ሥር ድንኳን እየተተከለ ነው። ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሴቶች ዳቦ በመሶብ ይዘው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። «ውይ፣ ማን ሞተብን ደግሞ?» ብዬ አዘንኩ። ጎረቤት ሐዘን ላይ ሆኖ መተኛት ነውር ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩና ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ፊቴን ሸፈን አድርጌ፣ ለይሉኝታም ቢሆን ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ አጠገቤ ወዳሉት ሰው ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ ሟች ማን ነው?» አልኳቸው።

ሰውየው አቀፉኝ። «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሐዘን እንዲህ ነው፣ ያስታል።»

«እኔን ነው የሚያጸናኝ?»

ያኔ አያ መለሰን አየሁት። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን እማዬን እንደሚይዛት ይደለድላል። ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ለባለ ሐዘኑ ሳይሰማ ዘመድ በሹክሹክታ ይጠራራል፣ ማልዶ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይገባል። «ከጎንደር የመጣ ነገር አለ፣ እማዬ እንዳትሰማ፣ ነገ ማልደው ይምጡ።» በገዛ አፌ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ አጎቴን ገድዬዋለሁ!

«አልሞተም!» ብዬ ተነሣሁ። «አጎቴ አዱኛ አልሞተም!»

ማንም አላመነኝም። እንዴት ያምኑኛል? እኛ እኮ ሰው እስኪረዳ ድረስ አልሞተም፣ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው ስንል የምንኖር ሰዎች ነን። «ልጁ ደንግጦ ነው፣ ውኃ ስጡት» አለ አያ መለሰ። ውኃ ሰጡኝ።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ዘውዴ ከሐኪም ቤት የሌሊት ሥራዋ ወጥታ በማእዘኑ ብቅ አለች። የሕንፃዋ በር ላይ ድንኳን አየች። እኔን ከነነጠላዬ አየች። ቦርሳዋን ወርውራ «ውይ እማማ!» ብላ ጮኸች። አማቷ የሞተች መስሏታል።

አማቷ በረንዳ ላይ ወጣች። ታጥባ፣ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ካሴቱን በእጇ ይዛ። ወደ ታች አየች። ድንኳኑን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ከቂርያት ጋት በማለዳ የመጣውን አያ መለሰን። እናቴ ብልህ ናት፣ ማንም ምንም ሊነግራት አላስፈለገም።

«አዱኛዬ!» አለች። «ወንድሜ! ድምፅህን ሳልሰማ?»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። እኔ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ደግፌ ይዣት «እማዬ፣ በሕይወት አለ፣ አልሞተም» እላለሁ፣ እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። የዚያን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። ልብ ቀጥ ይላል ሲባል ምን እንደሆነ ያን ጠዋት አወቅሁ።

ተከትሎኝ የወጣው አያ መለሰ ተቆጣ። «ካልሞተ እማዬ እንዳትሰማ ያልከኝ ምኑን ነው?»

«ቴፑን ስለጣልኩት ነው! ቴፕ እንዲያውሱኝ ነው የደወልኩት! እማዬ ቴፑን ለአልቴ ዛኽን መስጠቴን እንዳትሰማ ነው!»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አደረግከው አልክ?»

«ሰጠሁት።»

«ቴፔን?»

«አያስፈልግም ብዬ…»

«የወንድሜ ይቆየኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «መጀመሪያ አንተን ልግደልህ።»

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «በሕይወት ካለ አሰሙኝ» አለች። «ድምፁን ካልሰማሁ ማንንም አላምንም።»

በዚህ ሰዓት አባባ ታረቀኝ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ቴፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከቤታቸው ወጡ። ድንኳኑንና ሕዝቡን አዩ። «ይህ ሁሉ ሰው የእኔን ቴፕ ሊሰማ ነው?» አሉ በኩራት።

እማዬን ደግፈን አወረድናት። ቴፑ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ገመዱን ስንፈልግ ገመድ የለውም፣ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ በዚያ በትልቁ ድንጋይ። የነበረበት ደክሟል። ኪዮስክ የሄደው ሰው ጣት የምታክል ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ትልቁ «አያስፈልግም» ተብሎ መሸጥ ቀርቷል። ያን ጊዜ አንዲት ሴት «የእጅ ባትሪ!» አለች። ለካስ ሁሉም ሰው ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ትልቅ የእጅ ባትሪ አለው። የሰፈሩ ሐዘንተኛ ሁሉ ነጠላውን ሰብስቦ ወደየቤቱ ሮጠ! እንዲያ ያለ ሩጫ በሽኩና ሄ ታይቶ አይታወቅም። ተመልሰው ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ከመሩት።

ቴፑ ተከፈተ። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል?»

አጎቴ አዱኛ በካሴት ሲናገር አንድ ነገር ከጠየቀ በኋላ ዝም ይላል፣ መልስ የሚሰጡትን ያህል ይጠብቃል። እማዬ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ደህና ነኝ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ደም ግፊትሽስ ተሻለሽ?»

«ተሽሎኝ ነበር፣ ይሄ ልጅ ነው ያስነሣብኝ።»

«አያ መለሰስ ደህና ነው?»

አያ መለሰ ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ደህና ነኝ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ እያለ አጎቴ ያልጠየቀው ሰው የለም፣ ስሙ የተጠራ ሁሉ ብድግ ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«እንግዲህ እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትዘኝ። ይህ የመጨረሻ ካሴቴ ነው…»

ክርርርር! ቴፑ ክሩን በላ።

ለቅሶው ከቅድሙ በሦስት እጥፍ ተነሣ። «ታውቆታል!» አለች አንዷ። «ተሰናበታት!» አለች ሌላዋ። እማዬ ግን አላለቀሰችም፣ እኔን ብቻ ነው የምታየው። በሩን ከፍቼ የተበላውን ክር በጥፍሬ ጫፍ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። «እስክሪብቶ!» አልኩ። ሺራ ሰጠችኝ። ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ መጠምዘዝ ጀመርኩ። እጄ አልረሳም! ክሩ እየተሳበ ሲገባ ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ኮምፒዩተር ላይ አንድም ቀን እንዲህ አላስደነቅኳትም። መለስኩት፣ ተጫንኩት።

«…የመጨረሻ ካሴቴ ነው። ሞባይል ገዝቻለሁ! ከእንግዲህ ካሴት አያስፈልግም!»

ቃሌን ጎንደር ድረስ ማን እንደወሰደብኝ አላውቅም። ቀጥሎ አጎቴ የስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሞባይሉን አውጥቶ እኩል ደወለ። በእርግጥ ለሁሉም ተይዟል አለ። «ሁላችሁም ዝጉ!» ብሎ አያ መለሰ አምባረቀ። ሁሉም ዘጉ። በእኔ አዲስ ሞባይል እማዬ ብቻ ደወለች። ጠራ። ድንኳኑ ትንፋሹን ዋጠ። ጠራ፣ ጠራ።

«ሃሎ! ማን ልበል?»

«አዱኛ?» አለች እማዬ።

«እህቴ! እህቴ አንቺ ነሽ?» ከኋላ ሴቶቹ ገና ይንሰቀሰቃሉ። የአጎቴ ድምፅ ተለወጠ። «ይሄ የምሰማው ምንድን ነው? ለቅሶ ነው? ማን ሞተብኝ? ንገሪኝ፣ ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለችው እማዬ እንባዋ እየወረደ። «አንተ ነህ የሞትከው!»

«እኔ?» ትንሽ አሰበ። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ! ገበያ ወጥቼ ጤፍ እያስለካሁ ነው!»

እልልታው ሃዒር ሃዓቲቃ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ለሐዘን የመጣው ዳቦ ተቆረሰ፣ ወንበሩ ተገፋና እስክስታ ተመታ። ዘውዴ በሌሊት ሥራ ልብሷ ጨፈረች። ከሰንበት መግቢያ በፊት ድንኳኑን የሚነቅል ሰው እስኪታጣ ድረስ ጨፈርን።

አሁን በየሳምንቱ እንደውላለን። ታዲያ እማዬና ወንድሟ በስልክ የሚባባሉት አንድ ነው፤ «ትሰማኛለህ?»፣ «ትሰሚኛለሽ?»፣ «ደህና ነህ?»፣ «ደህና ነሽ?»፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። አባባ ታረቀኝም ቴፓቸው ያለእሳቸው ከቤት ስለማይወጣ አርብ አርብ እሳቸውም ቴፑም እኛ ቤት ናቸው።

ባለፈው አርብ ለአጎቴ እኔ ደወልኩለትና «እህቴን አቅርብልኝ» አለኝ። ሞባይሌን ይዤ ወደ ክፍሏ ሮጥኩ። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቴፑ ፊት ተቀምጣለች። ያ የመጨረሻው ካሴት ጠይቆ ዝም ብሏል፣ እሷ እየመለሰችለት ነው።

«እማዬ! አጎቴ አዱኛ ነው፣ ከጎንደር!»

ሳትዞር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ትንሽ ይጠብቅ በለው» አለች። «ከአዱኛ ጋር እያወራሁ ነው።»